ከእማማ ሳጥን የወጣው ማመልከቻ

መታወቂያዬ ላይ ሦስት ስም ተጽፏል። የእኔ፣ የአባቴ፣ የአያቴ። አራተኛው ሰው ላይ ሲደረስ ወረቀቱ ያልቃል። እኛ ዘንድ የቤተሰብ መጠሪያ የሚባል ነገር የለም። ልጅ በተወለደ ቁጥር አንድ ስም ከፊት ይገባል፣ አንዱ ከኋላ ይወድቃል። ድሮ ይህ አያሳስብም ነበር። ሰው እስከ ሰባት ቤት ዘሩን በቃሉ ይቆጥራል፤ ጋብቻም የሚፈቀደው ያ ተቆጥሮ ነው። አዲስ አበባ ተወልደን ያደግን ብዙዎቻችን ግን አራተኛው ላይ እንቆማለን። እኔም ስለ ቅድመ አያቴ የማውቀው ስሙንና አንድ አጭር ወሬ ብቻ ነበር። አድዋ ዘመተ፣ ሲመለስ አዲስ አበባ ቀረ፣ አናጺ ሆነ፣ በጣሊያን ጊዜ ሞተ። በቃ።

ስሙን እዚህ አልጽፈውም። የእኔ ብቻ አይደለም። ዘመዱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም ጠይቄ አላስፈቀድኩም።

ነገሩ ውስጤ የገባው ፒያሳ ከተነሣ በኋላ ነው። በ2016 ዓ.ም. አሮጌዎቹ ሰፈሮች ሲፈርሱ የእኛም ሰዎች ተበተኑ። እማማ የአያቴ ታናሽ እህት ናቸው፤ ዕድሜያቸው ዘጠና ገደማ ነው። ተወልደው ካረጁበት ሰፈር ወጥተው አሁን ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ይኖራሉ። ዕቃ ሲጫን ከአልጋ ሥር አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ወጣ። ልጆቹ አሮጌ ነው ብለው ሊተዉት ሲሉ እማማ ተቆጡ። «የእናቴ ወረቀት ነው፤ እንዳትነኩት!» አሉ። እማማ ማንበብ አይችሉም። ውስጡ ያለውን ወረቀት ግን አንድ በአንድ ያውቁታል። እናታቸው እያወጣች፣ ይሄ እንዲህ ነው፣ ያ እንዲያ ነው እያለች ስትነግራቸው ነው ያደጉት።

ሳጥኑ ውስጥ ያረጁ የግብር ደረሰኞች ነበሩ። ጠርዙ የተበላ የዕድር ደብተር ነበር። ከሥር ደግሞ ተጣጥፎ መታጠፊያው ሊለያይ የደረሰ አንድ ማመልከቻ።

ማመልከቻው የተጻፈው በ1935 ዓ.ም. ነው። ጃንሆይ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገቡ ሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ማለት ነው። አመልካቿ የቅድመ አያቴ ሚስት፣ የእማማ እናት ናት። ለሰው ማመልከቻ እየጻፈ የሚተዳደር የራፖር ጸሐፊ እጅ መሆኑ ያስታውቃል፤ ጽሕፈቱ ያምራል፣ አረፍተ ነገሩ ግን ማለቂያ የለውም። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፤ «ባለቤቴ ዕድሜው 45 ዓመት ያህል የነበረ፣ በየካቲት 1929 ዓ.ም. በጠላት እጅ ስለ ሞተብኝ፣ ቤቴም ስለ ተቃጠለ፣ የርስቴም ወረቀት አብሮ ስለ ነደደ…» እያለ ይሄድና ምትክ የርስት ወረቀት እንዲሰጣት ይጠይቃል። ቀጥሎ የቦታው አዋሳኝ ተዘርዝሯል። በአንዱ በኩል ወንዝ፣ በሌሎቹ በኩል የጎረቤቶች ስም ከነአባታቸው። ከታች ፊርማ የለም። የአውራ ጣት አሻራ ነው ያለው።

ለብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ማንበብ አቃተኝ።

መጀመሪያ የያዘኝ ዕድሜው ነው። በ1929 ዓ.ም. 45 ዓመት ያህል የነበረ ሰው የተወለደው 1884 ዓ.ም. አካባቢ ነው። የአድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ሕፃን ልጅ አይዘምትም። እማማን ጠየቅኳቸው። «አባቴን አላውቀውም ልጄ፤ በደረት የምሄድ ነበርኩ አሉ። እናቴ ግን ዘመነ ማርቆስ ነው የተወለደ፣ እናቱ በክፉ ቀን ወለደችው ትል ነበር» አሉኝ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ከየትኛውም ማኅተም በላይ ጠቀመችኝ። ዘመነ ወንጌላውያንን ማስላት ቀላል ነው። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ትደምርና ለአራት ታካፍላለህ። ቀሪው አንድ ከሆነ ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ ነው። በዚያ አካባቢ ማርቆስ የሚሆኑት 1882 እና 1886 ናቸው። ክፉ ቀን የሚባለው ረሃብ ደግሞ ከ1880 እስከ 1884 ገደማ የነበረው ነው። ከብቱ በበሽታ አለቀ፣ በሬ ጠፍቶ መሬቱ ጦም አደረ፣ ሕዝቡ ተሰደደ። ስለዚህ ቅድመ አያቴ የተወለደው በ1882 ዓ.ም. ነው እላለሁ። አድዋ የዘመተ ሰው ቤታችን ካለ የእሱ አባት መሆን አለበት። ወሬው ሲወርድ ሲወራረድ አባትና ልጅን አንድ ሰው አድርጓቸዋል።

ይህን ስናገር አንዳንድ ዘመዶቼ ደስ አላላቸውም። አድዋን ነጠቅከን ያለኝም አለ። ይገባኛል። ለእኔ ግን በክፉ ቀን ተወልዶ በሕይወት መትረፍ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ያን ጊዜ ስንት ሕፃን አለቀ። እሱ ባይተርፍ ዛሬ የምንጨቃጨቀው ሁላችንም የለንም።

ከዚያ ወደ ስድስት ኪሎ ሄድኩ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ያለው በድሮው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ጃንሆይ በ1954 ዓ.ም. ግቢውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡት። ከዚያ በፊት ግን፣ በወረራው ዘመን፣ የግራዚያኒ መቀመጫ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ዓርብ ዕለት ለድሆች ምጽዋት ይሰጣል ተብሎ ሕዝብ የተሰበሰበው እዚያው ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የወረወሩት እዚያው ነው። ጭፍጨፋው ከዚያ ግቢ ጀምሮ ሦስት ቀን ከተማውን አዳረሰ። ቤት ከነሰው ተቃጠለ። የሟቾቹን ቁጥር የኢትዮጵያ መንግሥት 30,000 ነው ብሏል። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ላይ ያለው ሠራተኛ ሰፈር፣ የእኛ ሰዎች ቤት የነበረበት፣ ከግቢው ሩቅ አይደለም።

የሞተበትን ወሬ ልፈልግ የገባሁት እሱን የገደለው ነገር ወደተነሣበት ሕንፃ ነው። ንባብ ክፍሉ ጸጥ ያለ ነው፤ ተማሪዎች አቀርቅረው ይጽፋሉ። መጽሐፉን ከፍቼ ቁጭ ብዬ ዓይኔ ወደ ደረጃው ይሄዳል። እዚያ የተገደሉ መኳንንትና የተማሩ ወጣቶች ስም በየመጽሐፉ አለ። አናጺ፣ ሸማኔ፣ እንጨት ተሸካሚ ግን በቁጥር ነው የሚጠራው። ቅድመ አያቴ ከዚያ ቁጥር ውስጥ አንዱ ነው። መቃብሩን የሚያውቅ የለም።

ወመዘክርም ሄጃለሁ። የቆየ ሰው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብቱን እስከ ዛሬ በዚያው ስም ነው የሚጠራው። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው። አሮጌ ጋዜጣ ማገላበጥ የሚወድ ሰው እዚያ ይጠፋል፤ ቀኑ እንዴት እንዳለፈ አያውቅም። የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ መሄድና ስሙን በሁሉም ፊደል መፈለግ ያስፈልጋል። «ኃይለ» በአንዱ ወረቀት በኃ፣ በሌላው በሀ፣ በሦስተኛው በሐ ሊጻፍ ይችላል፤ «ሥላሴ»ም እንዲሁ። አንዷ ሠራተኛ ይህን ስታስረዳኝ የራሷን ወንድም የምትፈልግ ነበር የምትመስለው። እግዜር ይስጣት።

ግን እውነቱን ለመናገር የእኛ ቤት ዓይነት ሰው ትልቁ መዝገብ ውስጥ ብዙም የለም። ልደትና ሞት መመዝገብ እንዳለበት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቢጽፍም ያ ክፍሉ ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ተራ ሰው ወረቀት ላይ የሚገባው አንድም ሲከፍል፣ አንድም ሲከሰስ፣ አንድም ሲለምን ነው።

የግብር ደረሰኞቹ ይህን በደንብ ያሳያሉ። ሰውየው በ1929 ሞቷል። የ1949 ዓ.ም. ደረሰኝ ላይ ግን «ከአቶ እገሌ» ተብሎ ግብር ተቀብለውታል። ርስቱ በእሱ ስም ስለቆየ ሃያ ዓመት ሙሉ ሟች ግብር ሲከፍል ኖሯል። ማመልከቻው ባይኖር ኖሮ እስከ 1949 በሕይወት ነበር ብዬ በእርግጠኝነት እጽፍ ነበር። የቤተሰቡን ታሪክ የሚፈልግ ሰው ደረሰኝ ብቻ ይዞ አይመን። ገንዘቡን ጠላ ሸጣ፣ እንጀራ ጋግራ ያመጣችው ሚስቱ ናት። ስሟ ግን ደረሰኙ ላይ የለም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ወጥቶ የከተማ ቦታ የመንግሥት ሲሆን ርስት የሚለው ቃል ከወረቀቶቹ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የቀበሌ ወረቀትና የቤት ቁጥር ነው። እሱ ብዙ አላገዘኝም። ቀበሌ ወረዳ ሲሆን፣ ወረዳ ከወረዳ ሲቀላቀል፣ ፋይሉ የት እንደገባ የሚያውቅ አጣሁ።

የዕድሩ ደብተር ነው ያሳረፈኝ። እዚያ ላይ በራሷ ስም ናት። «ወይዘሮ» ተብላ፣ ከነአባቷ ስም፣ ወር በወር 50 ሳንቲም። በየስሙ አንጻር ማን እንደሞተበት፣ ምን እንደተሰጠው፣ ማን ድንኳን ተክሎ እንዳደረ ተጽፏል። ሰፈሩ ራሱን የጻፈበት መዝገብ ነው። ማንም አላዘዘውም። አሁን የማስበው ያ ሰፈር ሲበተን ስንት እንዲህ ዓይነት ደብተር ከአሮጌ ፍራሽ ጋር እንደተጣለ ነው። ዕድሮች በየቦታው አሁንም አሉ፤ ጸሐፊዎቻቸው የቆየውን ደብተር ቤታቸው ያስቀምጣሉ። ስልክ ያለው ሁሉ ፎቶ ሊያነሣው ይችላል። ይህን ለማንም ሳልሰለች እናገራለሁ። ወመዘክርም ሆነ ዩኒቨርሲቲው የማያገኙት ነገር ያለው እነዚያ ደብተሮች ውስጥ ነው።

ከደብተሩ ላይ አንድ ስም አየሁ፤ ማመልከቻው ላይ በአዋሳኝነት ከተጠራ ጎረቤት ጋር የአባት ስሙ አንድ ነው። ልጁ ነበር። እማማ አስታወሱት፤ የልጅ ልጁን ስልክ ደግሞ ከዕድሩ ሰዎች አገኘን። አሁን አራት ኪሎ አካባቢ ሱቅ ያለው ሰው ነው። «ጋሼ፣ ቅድመ አያቶቻችን አጥር ለአጥር ነበሩ» ብዬ ጀመርኩ። ዝም ብሎ አዳመጠኝና ወንበር ሳበልኝ። እነሱ ቤትም የሚወራ ነገር አለ። በዚያች ቅዳሜ ቤቶቹ ሲነዱ ሴቶቹ ልጆቹን ይዘው በወንዙ በኩል ወርደው እንዳመለጡ፣ የእኛ ሰውዬ ግን መሣሪያዬን ላውጣ ብሎ ወደ ኋላ እንደተመለሰ አያቱ ይናገሩ ነበር አለኝ። የአናጺ መሣሪያ። መጥረቢያውን፣ መላጊያውን።

ይህን ለእማማ ስነግራቸው አላለቀሱም። «ተዝካሩን ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው ያወጣችለት» አሉ። «ቄሶቹ ሬሳ የት አለ፣ መቼ ሞተ ቢሏት፣ የክርስትና ስሙን ነው የያዝኩት፣ በእሱ ጸልዩ አለቻቸው።» ያንን የክርስትና ስም ነገሩኝ። በ«ወልደ» የሚጀምር ነው። ከእማማ በስተቀር የሚያውቀው ሰው አልነበረም።

እኔ የፈለግኩት እሱን ነበር። የተረፈው እያንዳንዱ ነገር ግን በእሷ እጅ ያለፈ ነው። ዕድሜውን ያስጻፈች እሷ፣ ዘመኑን ለልጇ የነገረች እሷ፣ ግብሩን የከፈለች እሷ፣ ሳጥኑን የቆለፈች እሷ። በአገራችን ሴት ስታገባ ስሟን አትቀይርም፤ ስለዚህ ማመልከቻውም ደብተሩም የአባቷን ስም ይዘውልኛል። እማማን ከዚያ ወደ ላይ እንዲቆጥሩልኝ ጠየቅኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አምስት ስም ወረዱልኝ፤ የመጡት ከቡልጋ ነው አሉ። ሁሉንም ጽፌ መልሼ አነበብኩላቸው፤ ሦስተኛውና አራተኛው ቦታ እንዲለዋወጡ አደረጉኝ። ከጥምቀት በኋላ ቡልጋ ልሄድ ነው። እማማ ለቤተ ክርስቲያኑ ጧፍና ዕጣን እንድገዛ አዘውኛል፤ ዳገቱን በበቅሎ ካልሆነ አትችለውም ብለውም አስጠንቅቀውኛል።