የጊፍቱ ድምፅ ከማቹ በኋላ ሲደርስ

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይታ በስልክ ላይቭ የምታስተላልፍ ትንሽ ስቱዲዮ ናት። አቅራቢዋ ካሜራ ፊት ትቀመጣለች፤ አንድ ልጅ ከኋላ ሆኖ ስልኮቹን ይጠብቃል፤ ቴክኒሽያኑ ሲጠራ ይመጣል። ስርጭቱ የሚጀምረው ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ጊፍት፣ ማለትም በገንዘብ የሚገዛ የስክሪን ስጦታ፣ ከሚልከው ተመልካች አብዛኛው አሜሪካ ስላለ ሰዓቱ ለእሱ ተብሎ የተመረጠ ነው፤ እዚህ ሰው ሊተኛ ሲል ዋሽንግተን ገና ከሰዓት በኋላ ነው።

አንድ ማታ ማች ተያዘ። ሁለት አቅራቢዎች ለ5 ደቂቃ በነጥብ የሚፎካከሩበት ሰዓት ስለሆነ ጊፍት የሚዘንበው ያኔ ነው። መጨረሻው ላይ አንድ የቆየ ደጋፊ ትልቅ ጊፍት ላከ። ምስሉ ስክሪኑ ላይ ብልጭ ብሎ አለፈ። አቅራቢዋ ግን ዓይኗ ካሜራው ላይ ነበር፤ የምትጠብቀው ጊፍት ሲገባ የሚጫወተውን ድምፅ ነው። ድምፁ አልመጣም። ማቹ አለቀ፣ ተፎካካሪዋ ተሰናብታ ወጣች፣ ጨዋታው ወደ ሌላ ዞረ። ከዚያ ለሰውየው ጊፍት የተመደበው ዘፈን በድንገት ክፍሉን ሞላው። «እንዴ፣ አሁን ደግሞ ማን ላከ?» አለች። ሰውየው «እኔ ነኝ እህቴ፣ ግን ከሦስት ደቂቃ በፊት» ብሎ ጻፈና ወጣ።

በማግስቱ ሁሉም በአንድ ቃል «ኔትወርክ ነው» አለ። አገራችን ውስጥ ኔትወርክ የብዙ ነገር ኃጢአት ስለሚሸከም ማንም አልተከራከረም። ትልቅ ፓኬጅ ተገዛ፤ የስርጭቱ ስልክ ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ ተዛወረ፤ በሚቀጥለው ማች ግን ድምፁ እንደ በፊቱ ዘገየ። ቴክኒሽያኑ የተጠራው ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። አንዱ ስልክ ያስተላልፋል። በሁለተኛው ስልክ ብራውዘር ላይ የድምፅ ማሳወቂያው ገጽ ተከፍቷል፤ ጊፍት ሲገባ ገጹ ለዚያ ጊፍት የተመደበውን ድምፅ ያጫውታል። ድምፁ በብሉቱዝ ወደ ስፒከር ይሄዳል፤ ከስፒከሩ ወጥቶ በማይኩ በኩል ወደ ስርጭቱ ይገባል። ለአንዲት ጥሪ ረጅም መንገድ ነው፤ በየመታጠፊያው የምትቆይበት ምክንያት አለ።

ቴክኒሽያኑ ምንም ሴቲንግ ሳይነካ መጀመሪያ ለካ። ይህ እርምጃ ሲዘለል ሁሉም ግምት ይሆናል። የተለየ ሲም ያለው ሌላ ስልክ ላይቩን እንደ ተመልካች እንዲከፍት ተደረገ። ሦስቱ ስልኮች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ አራተኛ ስልክ ከላይ ሆኖ ሁሉንም በቪዲዮ ቀረጸ። ከተመልካቹ ስልክ አንድ ሮዝ፣ ማለትም የአንድ ኮይን (የመተግበሪያው ሳንቲም) ጊፍት፣ ተላከ። በሴኮንድ 30 ፍሬም የተቀረጸ ቪዲዮ እያንዳንዱ ፍሬም 33 ሚሊሴኮንድ ገደማ ስለሆነ፣ ቪዲዮውን እያስቆሙ መቁጠር ለዚህ ሥራ ይበቃል። የተገኘው ይህ ነው፦ ጣቱ ከነካ ከ1 ሴኮንድ በኋላ ጊፍቱ የስርጭቱ ስልክ ላይ ታየ፤ በ3ኛው ሴኮንድ ስፒከሩ ጮኸ፤ በ7ኛው ሴኮንድ የተመልካቹ ስልክ ድምፁን ሰማ።

ጸጥ ባለ ሰዓት 3 ሴኮንድ፣ በማች ሰዓት 3 ደቂቃ። ኔትወርኩ ያው ነው፤ የተለወጠው የጊፍቱ ብዛት ብቻ ነው። ቴክኒሽያኑ ወደ ልጁ ዞሮ «አንዱ ድምፅ ስንት ሴኮንድ ነው?» ሲል ጠየቀ። ልጁ «ስምንት ይሆናል፤ ዘፈኑ እንዲታወቅ ብለን ነው» አለ። «በማች ጊዜ በደቂቃ ስንት ይገባል?» ልጁ የቀደመውን ማታ ቅጂ ከፍቶ ቆጠረ፤ 12 ገደማ።

ማሳወቂያው እንደ ባንክ መስኮት ነው፤ አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን አይጠራም። 12 ጊፍት እያንዳንዱ 8 ሴኮንድ ሲወስድ 96 ሴኮንድ ድምፅ ይሆናል፤ ደቂቃው ግን ያለው 60 ነው። ስለዚህ በየደቂቃው 36 ሴኮንድ ወረፋ ይጠራቀማል። በ5 ደቂቃ ማች መጨረሻ 180 ሴኮንድ ይሞላል፤ ይህም ሰውየው የጠበቃት ሦስት ደቂቃ ናት። ፋይበር ቢዘረጋም አንዲት ሴኮንድ አትቀንስም።

መፍትሔው ድምፁን መቁረጥ ነበር። የትንንሾቹ ጊፍቶች ድምፅ ከ1.5 ሴኮንድ እንዳይበልጥ ተደረገ፤ መካከለኞቹ 2 ሴኮንድ ተሰጣቸው፤ 5 ሴኮንድ የተፈቀደው ለትልልቆቹ ብቻ ነው። ያው 12 ጊፍት ሁሉም 2 ሴኮንድ እንኳ ቢሆን 24 ሴኮንድ ነው፤ ወረፋ አይፈጠርም። አቅራቢዋ ዘፈኖቿ በመቆረጣቸው ተከፍታ ነበር፤ ግን ሰው የሚያውቀውን ዘፈን በአጭር ምትም ይለያል፤ የሚያስፈልገው የትኛው ምት እንደሚቀር መምረጥ ብቻ ነው። የማሳወቂያው መሣሪያ ከአንድ በላይ ገጽ እንዲከፈት የሚፈቅድ ከሆነ ደግሞ ትልልቆቹን በተለየ ገጽ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ሁለት መስኮት እንደ መክፈት ነው፤ የትልቁ ባለቤት ከሮዞች ኋላ አይሰለፍም። ወረፋውን የሚያጸዳውን ቁልፍ ማች ባለቀ ቁጥር መጫን የልጁ ሥራ ሆነ።

በተርታ የሚላክ ጊፍት የራሱ ጣጣ አለው። ሰው ሮዝን ሃምሳ ጊዜ ደጋግሞ ሲነካ መተግበሪያው እንደ አንድ ተርታ ይይዘዋል፤ ብዙ መሣሪያዎች ደግሞ የሚያሳውቁት ተርታው ሲያልቅ ነው። ላኪው 20 ሴኮንድ ከነካ ድምፁ ከ20 ሴኮንድ በፊት አይመጣም፤ ሰው ይህንንም «ዘገየ» ይለዋል። «በእያንዳንዱ ንክኪ ይጩህ» የሚለውን መምረጥ ደግሞ የባሰ ነው፤ ሃምሳ ድምፅ በአንዴ ይሰለፋል። ደህናው ምርጫ ተርታው ሲጀምር አንዴ ጮኾ፣ እስኪያልቅ ዝም የሚለው ነው። ይህ ምርጫ ከሌለ ለትንንሾቹ «ሲያልቅ» በሚለው መቆየት ይሻላል። ትልልቆቹ ብዙ ጊዜ በተርታ ስለማይላኩ አይነካቸውም።

ከዚያ ሌላ ነገር ታየ። አንዳንዴ ለደቂቃዎች ምንም ድምፅ አይኖርም፤ ከዚያ አምስት ስድስቱ እየተከታተሉ ይመጣሉ። ይህ የወረፋ ባሕርይ አይደለም፤ ወረፋ ሲይዝ ድምፁ አይቋረጥም። ቴክኒሽያኑ ከልጁ ጀርባ ቆሞ አንድ ሰዓት ያህል ካየ በኋላ ምስጢሩ ወጣ። ልጁ በማሳወቂያው ስልክ ቴሌግራም ይመልስ ነበር።

ብራውዘሩ ወደ ኋላ ሲሄድ ስልኩ ኃይል ለመቆጠብ ያስተኛዋል። ለምሳሌ ክሮም የተደበቀ ገጽ የሰዓት ቆጣሪዎችን በሴኮንድ አንዴ ብቻ እንዲሠሩ ይገድባል፤ በ2021 ከወጣው 88ኛ እትሙ ጀምሮ ደግሞ ገጹ ከ5 ደቂቃ በላይ ተደብቆ ዝም ካለ በደቂቃ አንዴ ሊያደርጋቸው ይችላል። አንድሮይድ ራሱ ግንኙነቱን ሊቆርጠው ይችላል። ልጁ ተመልሶ ገጹን ሲከፍት የተጠራቀመው ሁሉ ይፈሳል። ስለዚህ የማሳወቂያው ስልክ ሌላ ሥራ ተከለከለ፦ ስክሪኑ እንዳይጠፋ ተደረገ፣ ብርሃኑ ዝቅ አለ፣ በባትሪ ሴቲንግ ብራውዘሩ ገደብ የለሽ ሆነ፣ ጥሪ ድምፁን እንዳያቋርጥ «አትረብሽ» ተከፈተ። ቻርጀር ላይ ሆኖ ሌሊቱን ስለሚበራ ይግላል፤ ሽፋኑ መውለቅ አለበት። ገጹ በተከፈተ ቁጥር አንዴ በጣት መንካትም ግድ ነው፤ ብራውዘሮች ሰው ካልነካቸው ገጽ ድምፅ እንዳይወጣ ያግዳሉ። ይህን የረሳ ሰው ስፒከር ሲፈታ ያመሻል።

አሁን የቀሩት ጸጥ ባለ ሰዓትም የነበሩት 3 ሴኮንዶች ናቸው። የድምፁ ፋይል ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ላይ ሲከፈት ፊቱ ላይ 0.9 ሴኮንድ ባዶ ዝምታ ተገኘ። ከቪዲዮ ተቆርጦ የተወሰደ ድምፅ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ጆሮ አይሰማውም፣ ሞገዱ ላይ ግን ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ይታያል። መስመሩን መርጦ ማጥፋት ነው፤ ድምፁ ሲጀምር «ቲክ» እንዳይል 10 ሚሊሴኮንድ ያህል መተው ይበቃል። ለእነዚህ 3 ሴኮንዶች ከተደረገው ሁሉ ትልቁን ውጤት በትንሹ ድካም የሰጠው ይህ ነው።

ቀጥሎ ብሉቱዙ ተነቀለ። ተራ የብሉቱዝ ስፒከር 0.2 ሴኮንድ ያህል ያዘገያል፤ ይህ ብቻውን ባላስከፋ። ክፉው ነገር ዝም ሲባል ማንቀላፋቱ ነው፤ ሲነቃ የድምፁን መጀመሪያ ይውጠዋል። ድምፁ 8 ሴኮንድ በነበረ ጊዜ ማንም ልብ አላለውም፤ 1.5 ሲሆን ግን ግማሹ ጠፋ። በስፒከርና በማይክ መካከል ያለው አየርም ችግር ነበር፤ የስልኩ ድምፅ ማጣሪያ ከንግግር ውጭ ያለውን እንደ ጫጫታ እየቆጠረ ያዳክመዋል።

ስለዚህ ሁሉም በገመድ ሆነ። የማሳወቂያው ስልክና የአቅራቢዋ ማይክ ድምፆችን የሚያቀላቅል ትንሽ ሚክስር ላይ ተሰኩ፤ የሚክስሩ ውጤት ወደ ስርጭቱ ስልክ ገባ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ የስልክ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ከውጭ ማይክ የሚቀበለው የሚሰካው የገመድ ጫፍ ባለ አራት ክፍል ሲሆን ነው። ዛሬ በተለመደው አሠራር ጫፉ የግራ ድምፅ፣ ቀጣዩ ቀለበት የቀኝ ድምፅ፣ ሦስተኛው መሬት (ግራውንድ)፣ መጨረሻው ማይክ ነው። ባለ ሦስት ክፍል ገመድ ቢሰካ ስልኩ ማይክ እንዳለ አያውቅም፤ በራሱ ማይክ ይቀጥላል። የሚክስር ውጤት ለማይክ መግቢያ ከመጠን በላይ ኃይለኛ ስለሆነም መቀነሻ ያለው ገመድ ወይም ለስልክ የተሠራ የድምፅ ማገናኛ (ኢንተርፌስ) ያስፈልጋል፤ አለዚያ ድምፁ ይሰነጠቃል። አንድሮይድ ከ10ኛው እትም ጀምሮ ከስልኩ ውስጥ የሚጫወት ድምፅን ያለ ገመድ ለመቅዳት ይፈቅዳል፤ ግን ድምፁን ለመስጠት የማይፈቅዱ መተግበሪያዎች ስላሉ አስቀድሞ መሞከር ይገባል።

ከቀረው ውስጥ 0.5 ሴኮንዱ በእርግጥም የኔትወርክ ነበር፤ ግን ፓኬጅ የሚፈታው ዓይነት አይደለም። ፓኬጁ ከተገዛ በኋላ የስርጭቱ ስልክ ሞባይል ዳታውን ሆትስፖት አድርጎ ለማሳወቂያው ስልክ ያካፍል ነበር። ቪዲዮው ወደ ኢንተርኔት ሲጫን መስመሩን ሞልቶ ስለሚይዘው ጥቂት ኪሎባይት የምትሆነው ማሳወቂያ ከኋላው ትቆማለች። የማሳወቂያው ስልክ የሌላ ኩባንያ ሲም ገባለት፤ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሳፋሪኮምም ስላለ ይህ ዛሬ ቀላል ነው። የቪዲዮው ቢትሬት፣ ማለትም በሴኮንድ የሚልከው ዳታ መጠን፣ መስተካከል በሚችልበት መተግበሪያ ደግሞ ከተለካው የመጫኛ ፍጥነት ከ60 እስከ 70 በመቶ ላይ መገደብ ያስፈልጋል፤ 3 ሜጋቢት ከተለካ 2 ይበቃል። ፋይሉም ቀለለ፦ ባለ 2 ሴኮንድ ኤምፒ3 በ128 ኪሎቢት 32 ኪሎባይት ብቻ ነው። ከስርጭት በፊት ሁሉም ድምፆች አንድ አንድ ጊዜ ይጫወታሉ፤ ስልኩ ያኔ ስለሚያወርዳቸው በማች መሐል አያወርዳቸውም።

ዳግም ሲለካ ሚክስሩ ላይ ድምፁ በ1.4 ሴኮንድ ደረሰ። ላኪው ራሱ የሚሰማው ግን በ5.4 ነው። ይህ 4 ሴኮንድ የስርጭቱ የራሱ ጉዞ ነው፤ ቪዲዮው ወደ መተግበሪያው አገልጋይ (ሰርቨር) ወጥቶ፣ ተቆራርጦ፣ ወደ ተመልካቹ እስኪወርድ የሚፈጅበት ነው፤ ድምፁም በቪዲዮው ውስጥ ስለሚሄድ አብሮት ይቆያል። ዩቲዩብ ላይ የሚያስተላልፍ ሰው ከሦስቱ የመዘግየት ደረጃዎች ዝቅተኛውን መርጦ ሊያሳጥረው ይችላል፤ ስቱዲዮዋ በምትጠቀምበት መተግበሪያ ግን የሚነካ ነገር አልነበረም።

አቅራቢዋ ስለዚህ ድምፁን መጠበቅ ተወች። አንድ ታብሌት ከካሜራው ሥር ቆመላት፤ የጊፍቱ ዝርዝር በትልቁ ይታያል፤ ስም ስታይ ትጠራለች፤ ድምፁ ከንግግሯ ኋላ ወይም እኩል ይገባል። ልጁ ደግሞ በስርጭቱ ስልክ የጽሑፍ መስመር ላይ ወዲያው «ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» ብሎ ይጽፋል፤ ጽሑፍ በቪዲዮው ውስጥ ስለማይጓዝ ከድምፁ ቀድሞ ይደርሳል። ቴሌግራሙን የሚመልሰው በራሱ ስልክ ነው።