ለካርዱ ያላስፈለገው

የምሠራው ጎጃም ውስጥ፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው። አረቄም ጫትም የጣለው ሰው ወደ እኛ ይመጣል፤ ብዙውን ጊዜ ጸበሉ ተሞክሮ፣ ዘመድ ከተሰላቸ በኋላ። ይህኛውንም ያመጣው ዘመድ ነው። ማንነቱን የሚጠቁም ነገር ሁሉ ቀይሬያለሁ።

እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ አጥምቆታል። መንቀጥቀጡን የሚያበርድ ዲያዜፓምና ታያሚን የሚባለውን ቫይታሚን ጀመርንለት፤ ሰውነቱ ተስተካከለ። ነገሩ የተበላሸው የቡድን ምክሩ ላይ ነው። ቡድኑን የሚመራው ባልደረባዬ ሁልጊዜ «ስትጠጣ ሚስትህ ምን ትላለች?» ብሎ ይጀምራል። ላላገባ ደግሞ «ለምን አላገባህም?» ይከተላል። ሰውየው ተነሥቶ ወጣ። ተከተልኩት፤ ክፍል ለምኜ በሩን ዘጋሁ።

«ሲስተር፣ የአረቄውን ሁሉ እነግርዎታለሁ» አለኝ። «ከማን ጋር እንደምጠጣ ግን አይጠይቁኝ።»

አልጠየቅሁትም። መቼ መቼ እንደሚያምረው ብቻ ጠየቅሁት። ጥፍሩን እየፋቀ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ ራሱ ነገረኝ። የሚወደው ወንድ ነው። እሱን ለማግኘት ድፍረት እንዲሆነው ይጠጣል። ሲለያዩ ደግሞ ፈጣሪን እያሰበ ይጠጣል። አረቄ የማያምረው አብረው ባሉበት ሰዓት ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ባልደረባዬ ካርዱን ይዞ መጣ።

«ያን ሁሉ ጊዜ ዘግተሽ ያወራሽው የታለ?»

«የመጠጡን ጽፌያለሁ።»

«ሌላውስ? ለሕክምናው ካላስፈለገ ለምን ሰማሽው?»

«ለሕክምናው አስፈልጎኛል። ለካርዱ አላስፈለገም።»

ንዴቴ እስከ ዛሬ አልበረደም። ካርድ ከካርድ ክፍል ወደ ላቦራቶሪ፣ ወደ መድኃኒት ቤት፣ በስንት ሰው እጅ ያልፋል! በትንሽ ከተማ ደግሞ ከነዚያ ሰዎች አንዱ የአክስት ልጅ ነው። በዚያ ላይ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን የሚቀጣው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 አለ። እኔ የምጽፋት አንዲት መስመር ሰውየውን ከቤቱም ከሥራውም ልታስወጣው ትችላለች።

ባልደረባዬ «ሱስ ሱስ ነው፣ ሕክምናውም ለሁሉም አንድ ነው» ይላል። ለእጅ መንቀጥቀጡ እውነቱን ነው። ለቀረው ግን አይደለም። ሳን ፍራንሲስኮና ለንደን ውስጥ ወንድ ለሚወዱ ወንዶች ተብሎ የተዘጋጀ የሱስ ሕክምና አለ። ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ያስቸገረው ሜታምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ ዕፅ ነው፤ ለእሱ ሱስ ደግሞ የተፈቀደ መድኃኒት የለም። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ምክርና ክትትል ነው። እዚያ በተሠራበት አንድ ፕሮግራም ለ12 ሳምንት፣ በሳምንት 3 ጊዜ ሽንት ይመረመራል፤ ዕፅ ያልተገኘበት ትንሽ ሽልማት ይሰጠዋል። ለብቻ መዘጋጀቱ ለቅንጦት አይደለም። ዕፁ ብዙ ጊዜ የሚወሰደው ከግንኙነት ጋር ነው። «መቼ ወሰድክ?» ሲባል «ከማን ጋር ነበርክ?» አብሮ ይመጣል። ይህን መናገር የሚያስፈራው ሰው መልሱን ይደብቃል፤ የተደበቀ ነገር ላይ ምን ብለን እንመክራለን?

የእኛ ክፍል እንዲህ ዓይነት አገልግሎት ሊከፍት አይችልም። የምችለውን አደረግሁ። በሠራተኞች ስብሰባ ላይ የሚስት ጥያቄው እንዲቀር ጠየቅሁ። የፈቱም፣ ሚስት የሞተችባቸውም አሉ አልኩ፤ ይህም እውነት ነው። ተቀበሉኝ። አሁን ቡድኑ «ስትጠጣ ማን ይጨነቅልሃል?» ተብሎ ይጀመራል።

ባልደረባዬ ያ ካርድ ጎደሎ ነው እያለ ዛሬም ይሟገተኛል። ሰውየው ክትትሉን አላቋረጠም። ሳይጠጣ የሚመጣበት ቀን አለ፣ ጠጥቶ የሚመጣበትም አለ። እሱን እጽፋለሁ።