ቤቱ የተቃጠለ መስሎኝ

የዴንቨርን ብርድ ክረምት ብዬ መጥራት ይከብደኛል። ክረምትማ ዝናብ አለው! እዚህ ከብርዱ ይልቅ ድርቀቱ ነው የገደለኝ። እግሬ አመድ የነካው ይመስላል። ጣቶቼ ተሰነጣጥቀው ሽንኩርት ስከትፍ የሚያለቅሰው እጄ ሆኗል። እማዬ በስልክ «ቅቤ ተቀቢ» ትለኛለች። ነገ ሥራ አለብኝ እኮ፣ እማ!

ለካ ሂተሩም አለበት። ቀዝቃዛ አየር ድሮም እርጥበቱ ትንሽ ነው፤ ቤት ውስጥ ሲሞቅ ደግሞ ጭራሽ ይደርቃል። ትናንት አየሩን የሚያረጥብ ማሽን፣ ሂውሚዲፋየር፣ ገዛሁ። የእርጥበት መለኪያው 18 በመቶ አለኝ። የሚመከረው ከ30 እስከ 50 ነው። የቧንቧ ውሃ ሞላሁና ተኛሁ።

ሌሊት ስባንን ክፍሉ ጉም በጉም! በእንቅልፍ ልቤ ቤቱ የተቃጠለ መስሎኝ ዘልዬ ተነሳሁ። ጠዋት ደግሞ ጥቁሩ ቴሌቪዥን ላይ ዱቄት የተነሰነሰ ይመስላል። የቧንቧው ውሃ ማዕድን ነው ለካ። ማዕድኑ የወጣለት ዲስቲልድ ውሃ ነበር የሚፈልገው። ማሽኑን ቶሎ ቶሎ ካላጠቡትም ይሻግታል። ሌላ የሚታጠብ ዕቃ ጨመርኩ ማለት ነው።

ዛሬ ማታ 34 ደርሷል። ከንፈሬ ሳይደማ ሳቅሁ። ቫዝሊኑን ግን ከቦርሳዬ አላወጣሁትም።