ኳንተም ሜካኒክስን ከቀለም ጀምሩት

ፊዚክስ የሚማሩ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ ጥያቄ «ኳንተምን ከየት ልጀምር?» የሚል ነው። ኳንተም ሜካኒክስ አቶም፣ ኤሌክትሮንና ብርሃን እንዴት እንደሚሠሩ የሚያጠና የፊዚክስ ክፍል ነው። መልሴ አጭር ነው። ከድመቷ አትጀምሩ። ሳጥን ውስጥ ስለገባችው፣ ሞታም በሕይወትም አለች ስለምትባለው የሽሮዲንገር ድመት (የፊዚክስ ሊቁ ሽሮዲንገር በሐሳቡ የፈጠራት ምሳሌ ናት) ዩቲዩብ ሞልቶታል፤ ነገር ግን ያንን ሁሉ አይቶ የሚነሳ ተማሪ ይዞት የሚሄደው «ኳንተም ማለት ማንም የማይገባው ነገር ነው» የሚል ስሜት ብቻ ነው። እሱ ስሜት ደግሞ ብዙ ጎበዝ ልጆችን ከትምህርቱ አስቀርቷል። በጣም ያናድደኛል።

ከቀለም ጀምሩ።

ብርሃን ብረት ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሮኖችን ፈልቅቆ ሊያወጣ ይችላል። በድሮው ፊዚክስ ብርሃን ሞገድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ብርሃኑን አጥብቀን ብናደምቀው ኤሌክትሮኖቹ በበለጠ ጉልበት መውጣት ነበረባቸው። አልሆነም። ፊሊፕ ሌናርድ በ1902 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሲለካው፣ ብርሃኑ ሲደምቅ የሚወጡት ኤሌክትሮኖች ቁጥር ጨመረ እንጂ የእያንዳንዱ ኢነርጂ ንቅንቅ አላለም። ኢነርጂውን የሚወስነው ቀለሙ ነው።

አንስታይን በ1905 መልሱን ሰጠ። ከአምስት ዓመት በፊት ማክስ ፕላንክ፣ የጋሉ ነገሮች የሚረጩትን ብርሃን ለማስላት ሲል ኢነርጂ በተቆራረጠ መጠን ነው የሚሰጠውና የሚወሰደው ብሎ ነበር። አንስታይን ገፋ አድርጎት ብርሃኑ ራሱ ቁርጥራጭ ነው አለ። ያ ቁራጭ ዛሬ ፎቶን ይባላል። የአንዱን ፎቶን ኢነርጂ ለማወቅ 1240ን ቀለሙን በሚለየው የሞገዱ ርዝመት በናኖሜትር ማካፈል ነው፤ መልሱ ኤሌክትሮን ቮልት በሚባል ትንሽ የኢነርጂ መለኪያ ይመጣል። ቀይ ብርሃን 700 ናኖሜትር ቢሆን 1.8 ገደማ ነው። ሰማያዊው 450 ቢሆን 2.8 ገደማ። ከሶዲየም ላይ አንድ ኤሌክትሮን ለማስለቀቅ 2.3 ያህል ያስፈልጋል። በቃ፣ ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ፦ ደብዛዛ ሰማያዊ ብርሃን ኤሌክትሮን ያወጣል፣ የፈለገውን ያህል የደመቀ ተራ ቀይ መብራት አያወጣም። ጓደኛሞች አዋጥተው እንደሚከፍሉት የታክሲ ሂሳብ አይደለም፤ እዚህ እያንዳንዱ ፎቶን ለብቻው ከፍሎ ነው የሚያልፈው።

ሮበርት ሚሊካን ይህን ሐሳብ አላመነበትም ነበር። ዓመታት ፈጅቶ በጥንቃቄ ለካው፤ በ1916 ያወጣው ውጤት ግን የአንስታይንን ቀመር አረጋገጠ። አንስታይን የ1921ዱን የኖቤል ሽልማት ያገኘውም በሬላቲቪቲ ሳይሆን በዚህ ሥራው ነው።

አሁን ደግሞ በእጃችሁ ሞክሩት። አንድ ቀይና አንድ ሰማያዊ ኤልኢዲ፣ ሦስት የባትሪ ድንጋይ፣ 330 ኦም ሬዚስተር፣ ቮልቴጁን ቀስ እያላችሁ የምትጨምሩበት ፖቴንሽዮሜትርና አንድ ቴስተር ይበቃል፤ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን ሰው ጋ አብዛኛው አይጠፋም። ሬዚስተሩን ከኤልኢዲው ጋር በተከታታይ አገናኙት፣ አለበለዚያ ታቃጥሉታላችሁ። ክፍሉን አጨልሙና ቮልቴጁን ከዜሮ ጀምሮ ቀስ አድርጋችሁ ከፍ አድርጉ። ልክ ብርሃኗ ብቅ ስትል በኤልኢዲው ሁለት እግሮች መካከል ያለውን ቮልት አንብቡ። ቀዩ ወደ 2 ቮልት ሲጠጋ ይበራል፤ ሰማያዊው 2.5 ቮልት አካባቢ ካልደረሰ ወይ ፍንክች። ምክንያቱም ኤልኢዲው ውስጥ አንድ ኤሌክትሮን ከከፍተኛ ወደ ዝቅተኛ ኢነርጂ ወርዶ አንድ ፎቶን ነው የሚለቀው፣ የሰማያዊ ፎቶን ደግሞ ውድ ነው። ቮልቱን በኤሌክትሮን ቻርጅና በሞገዱ ርዝመት (በሜትር) አባዙት፣ በብርሃን ፍጥነት አካፍሉት፤ ለ6.6 ሲባዛ አስር በነጌቲቭ 34 የቀረበ ቁጥር ታገኛላችሁ። የፎቶንን ኢነርጂ ከሞገዱ ድግግሞሽ ጋር የሚያገናኘው የፕላንክ ቋሚ ቁጥር ነው። ቤታችሁ ውስጥ ለካችሁት ማለት ነው!

እዚያው ላይ እያላችሁ ባትሪውን አውጡና ቀዩን ኤልኢዲ በቴስተሩ ብቻ አገናኝታችሁ ፀሐይ አሳዩት። ቮልት ያነባል። ብርሃን የሚሰጠው ዕቃ ብርሃን ተቀብሎ ቮልቴጅ ሲሰጥ ታያላችሁ፤ ጣሪያ ላይ ያለው ሶላርም ሥራው ይኸው ነው። አብዛኛው ሶላር በሚሠራበት ሲሊከን ውስጥ ኤሌክትሮንን ለማስነሳት 1.1 ኤሌክትሮን ቮልት ያስፈልጋል። ከዚያ ያነሰ ፎቶን ዝም ብሎ ያልፋል፤ ከዚያ የበለጠው ደግሞ ትርፉን ወደ ሙቀት ቀይሮ ያባክነዋል። አንድ ዓይነት ሲሊከን ብቻ ያለው ፓነል ከፀሐይ ብርሃን አንድ ሦስተኛውን እንኳ ወደ ኤሌክትሪክ መቀየር የሚያቅተው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ፋብሪካው ሰንፎ አይደለም። ገጠር ላይ በሶላር መብራት የሚያጠና ልጅ ቀን በሲሊከኑ፣ ማታ በኤልኢዲው፣ ሁለት ጊዜ ኳንተም ሜካኒክስን እየተጠቀመ ነው።

ሌላውን አጠቃቀም ብዙ አላስረዝምም። በ1947 የተሠራው ትራንዚስተር፣ በ1960 የመጣው ሌዘር፣ ሆስፒታል ያለው ኤምአርአይ፣ ጂፒኤስ የሚመራበት የአቶም ሰዓት፣ ሁሉም ሥራቸው በዚሁ ሳይንስ ነው የሚብራራው። ስለ ኳንተም ኮምፒውተር የሚጮኸውን ያህል ስለነዚህ ቢነገር ደስ ይለኝ ነበር።

ታዲያ ምስጢር የሚባለው ክፍል የለም ወይ? አለ እንጂ። አኪራ ቶኖሙራና ባልደረቦቹ በ1989 ጃፓን ውስጥ ኤሌክትሮኖችን አንድ በአንድ ሁለት መንገድ ባለው መሣሪያ አሳለፉ። እያንዳንዱ ኤሌክትሮን ስክሪኑ ላይ አንዲት ነጥብ ብቻ ነው የሚተወው። ነጥቦቹ ሲበዙ ግን ሁለት ሞገዶች ሲደራረቡ የሚፈጥሯቸው ዓይነት መስመሮች ወጡ። ቀጣዩ ነጥብ የት እንደሚያርፍ ማንም አስቀድሞ ሊናገር አይችልም፤ ቲዎሪው የሚሰጠን ዕድሉን ነው፣ ያንን ደግሞ በሚገርም ትክክለኛነት ይሰጣል።

ኤሌክትሮኑ በየትኛው መንገድ እንዳለፈ ከተለካ መስመሮቹ ይጠፋሉ። እዚህ ጋ ነው ነጋዴዎቹ የሚገቡት። «አያችሁ፣ አእምሯችን እውነታን ይፈጥራል» ይሉና ኳንተም የሚል ስም ለጥፈው ፈውስና ሀብት ይሸጣሉ። ወገኖቼ፣ አትክፈሉ። ቪየና የሚገኙ ተመራማሪዎች በ2003 ሰባ የካርቦን አቶም ያላቸውን ሞለኪውሎች እንዲሁ በሞገድ ሙከራ እያሳለፉ፣ መሣሪያው ውስጥ ትንሽ ትንሽ ጋዝ ጨመሩ። ጋዙ በጨመረ ቁጥር መስመሮቹ ደበዘዙ። የጋዝ ሞለኪውል አእምሮ የለውም። መጋጨቱ ብቻ በቂ ነው። «መመልከት» ስንል እንዲህ ዓይነቱን መነካካት ነው እንጂ የሰው ሐሳብ ማለታችን አይደለም።

ከዚህ በኋላ ሒሳቡን አትሽሹ። ኮምፕሌክስ ቁጥር፣ ቬክተርና ማትሪክስ፣ ካልኩለስ፣ ትንሽ ፕሮባቢሊቲ፤ ከነዚህ ውስጥ አብዛኛውን ዩኒቨርሲቲ የገባ የሳይንስ ተማሪ ቶሎ ያገኘዋል። የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ ኦፕን ኮርስዌር በሚባለው ድረ ገጹ ሙሉ የኳንተም ፊዚክስ ትምህርቶችን በነፃ አስቀምጧል፤ ኢንተርኔት ለሚቆራረጥባችሁ ሌክቸሮቹን አንዴ አውርዶ መያዝ ይሻላል። ፌት የሚባለው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ ላይ ደግሞ የሌናርድን ሙከራ ስክሪን ላይ ትሠሩታላችሁ። መጀመሪያ ሶዲየምን ምረጡ፣ ብርሃኑን ቀይ አድርጉት፣ ድምቀቱን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጉና ምን እንደሚወጣ እዩ።