አቧራ የመሰለኝ ብርሃን

የምሠራው ማተሚያ ቤት ነው። ሥዕልና ፎቶ ስካን አድርጌ ለኅትመት አዘጋጃለሁ። አንድ ቀን የአንዲት ሠዓሊ ሥራዎች ለካላንደር መጡ። አንዱ በውሃ ቀለም የተሳለ ቅርጫት ነበር። በእጅ የተሠራ፣ ያረጀ፣ ባዶ ቅርጫት።

እውነቱን ለመናገር ልብ ብዬ አላየሁትም። ስክሪን ላይ ስከፍተው ቅርጫቱን ጥቃቅን ነጭ ነጠብጣብ ሞልቶታል። የስካነሩ መስታወት ላይ ያረፈ አቧራ መሰለኝ። አቧራ ማጥፋት ደግሞ የዕለት ተዕለት ሥራዬ ነው። ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ለቀምኩት።

ሠዓሊዋ የሙከራ ኅትመቱን ልታይ መጣች። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ኦሪጅናሉን አውጥታ ከጎኑ አስቀመጠችና፣ "ወንድሜ፣ መብራቱን አጠፋህበት እኮ" አለችኝ።

ጎን ለጎን ሳያቸው ደነገጥኩ። የእሷ ቅርጫት ሆድ አለው፤ እጅ ቢሰዱበት የሚገባ ይመስላል። የእኔው ጠፍጣፋ ቡናማ ነገር ሆኗል።

ሳትቆጣ አስረዳችኝ። በውሃ ቀለም ሲሳል ብዙውን ጊዜ ነጩ ራሱ ወረቀቱ ነው። ቀለሙ ስስ ስለሆነ ብርሃን አልፎት ይገባል፣ ወረቀቱን ነክቶ ይመለሳል። አንዴ ቀለም የነካውን ቦታ እንደገና ንጹሕ ነጭ ማድረግ ደግሞ ከባድ ነው። ስለዚህ ሠዓሊው ሳይነካ የሚቀረውን ቦታ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። እሷ ውሃው የተጨመቀ ብሩሽ ሻካራ ወረቀት ላይ ፈጠን አድርጋ አሳለፈች። ቀለሙ ከፍ ከፍ ያለውን ብቻ ነካ፤ ጎድጓዳው ነጭ ሆኖ ቀረ። እኔ የለቀምኩት አቧራ ስንጥሮቹ ላይ ያረፈ ብርሃን ነበር።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያሉ ሥዕሎችን መፈለግ ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1942 የአሜሪካ መንግሥት የቀጠራቸው ሠዓሊዎች ድሮ የተሠሩ የቤት ዕቃዎችን፣ ወንበሩን፣ ማሰሮውን፣ አልጋ ልብሱን በውሃ ቀለም ስለዋል። የሥዕሎቹ ስብስብ 'ኢንዴክስ ኦፍ አሜሪካን ዲዛይን' ይባላል። ከ18,000 በላይ የሚሆኑት ሥዕሎች ዋሽንግተን በሚገኘው ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት ተቀምጠዋል። ለአንድ ማሰሮ ያን ያህል ትዕግሥት! ሳያቸው ልቤን ይነኩታል።

ደግነቱ ዋናውን ፋይል አላጠፋሁትም ነበር። ሥራውን ከዜሮ ጀመርኩ። በዚህኛው ዙር ግን ሥዕሉን ከፊቴ አድርጌ፣ ስክሪኑን አጉልቼ፣ አቧራውን ከብርሃኑ እየለየሁ ነው። ያኔ ነው እጀታውን ያየሁት። አንዷ ስንጥር ከሌሎቹ ጠቆር ትላለች፤ አጠላለፏም ትንሽ ይለያል። ቅርጫቱ ተበጥሶ የሆነ ሰው ጠግኖታል። ሠዓሊዋም አይታ ያንን ጥገና ስላዋለች።

አልነካኋትም።