«አዎ፣ ሽፋን አለዎት» ብለውኝ ነበር

ከክሬዲት ካርዴ ጋር በነጻ የሚሰጥ የጉዞ ኢንሹራንስ አለኝ። ለዓመታት እሱን ተማምኜ ተጉዣለሁ። ባለፈው ጉዞ ግን ሆስፒታል ገብቼ ሂሳቡን ከኪሴ ከፍዬ ወጣሁ። ገንዘቡ አልተመለሰልኝም። ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰብኝ ነበር። ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ።

ቀላሉን ቶሎ ልለፈው። ቲኬቱን ሙሉ በሙሉ በዚያው ካርድ ከፈልኩ። ብዙ ካርዶች ላይ ኢንሹራንሱ የሚሠራው የጉዞው ወጪ በሙሉ ወይም በከፊል በካርዱ ሲከፈል ብቻ ነው። በካርዱ ባጠራቀማችሁት ነጥብ ቲኬት የምትወስዱ ከሆነ ይህን አጣሩ፤ አንዳንዱ ውል ይቀበላል፣ አንዳንዱ አይቀበልም። የቀኑ ብዛት ከውሉ ጣሪያ እንዳያልፍ ቆጠርኩ። ባለቤቴና ልጄ አብረውኝ እስከተጓዙ ድረስ እንደሚሸፈኑ አየሁ። ለሸንገን ቪዛ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሕክምና ሽፋን ማሳየት ስለሚያስፈልግ የማረጋገጫ ደብዳቤ ጠየቅኩ። በኢሜይል ላኩልኝ፤ ቪዛውም ተሰጠን።

ያዘናጋኝ ያ ደብዳቤ ነው። ኤምባሲ ከተቀበለው ምን ይጎድላል አልኩ። ደብዳቤው የሚለው ግን ሽፋን መኖሩን ብቻ ነው። እኔን፣ ከነጤናዬ ሁኔታ፣ ይሸፍነኛል ወይ የሚለውን አይመልስም።

የደም ግፊት አለብኝ። ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ በአንድ ኪኒን ተቆጣጥሬዋለሁ። ከጉዞው ሁለት ወር በፊት ሐኪሜ ለካኝና «በጣም ጥሩ ነህ፣ መጠኑን እንቀንሰው» አለኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ለማንኛውም ብዬ ባንኩ ጋ ደወልኩ። «የግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ፣ ኢንሹራንሱ ይሠራልኛል?» አልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ በትሕትና «አዎ፣ ሽፋን አለዎት» አለችኝ። ስሟን አልያዝኩም። ቀኑን አልጻፍኩም። በጽሑፍ ይላክልኝ አላልኩም። ዛሬም የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

በጉዞው አምስተኛ ቀን ራሴን አዞረኝ፤ ደረቴን ጨመቀኝ። ግፊቴ አሻቅቦ ነበር። ሁለት ሌሊት ሆስፒታል አደርኩ። ባለቤቴ በድንጋጤ ካርዱ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ደወለች። እሱ የባንኩ ነው። የኢንሹራንሱ የ24 ሰዓት የእርዳታ መስመር ሌላ ነው፤ የተጻፈውም ረጅሙ የውል ሰነድ ውስጥ ነው። እሱን እስክታገኝ ሂሳቡን ከፍለናል። ብዙ ውሎች ደግሞ ከመተኛታችሁ በፊት፣ ካልሆነም በተቻለ ፍጥነት፣ እዚያ መደወልን ግዴታ ያደርጋሉ።

ስመለስ ክሌም፣ ማለትም ገንዘቡ ይመለስልኝ የሚል ጥያቄ፣ ለኢንሹራንስ ኩባንያው አስገባሁ። ዝርዝር ደረሰኝ፣ የሆስፒታል መውጫ ወረቀት፣ ቲኬት፣ የካርድ ስቴትመንት፣ ሁሉንም ላክሁ። ሦስት ሳምንት ዝም። ከዚያ ያለፉትን ስድስት ወራት የሕክምና ታሪክ ጠየቁ። ሰጠሁ። እንደገና ዝም። በደወልኩ ቁጥር ሌላ ሰው ያነሳል፤ እኔም ታሪኩን ከሀ እጀምራለሁ። በመጨረሻ አንድ ገጽ ደብዳቤ መጣ። ሕመሙ ቀድሞ የነበረ ነው፤ ከጉዞው በፊት ባሉት ወራትም «የተረጋጋ» አልነበረም ይላል።

እንዴት አልተረጋጋም? ሐኪሙ እኮ የቀነሰልኝ ስለተሻለኝ ነው። ውሉን ከፍቼ የትርጓሜውን ክፍል አነበብኩ። በነሱ ቋንቋ የተረጋጋ ሕመም ማለት መድኃኒቱ ያልተቀየረ፣ መጠኑ ያልጨመረ «ወይም ያልቀነሰ» ነው። ደጋግሜ አነበብኩት። መሻሌ ራሱ ሽፋኑን አሳጣኝ። ሐኪሜ ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ ይግባኝ አልኩ። ያን ሁሉ ገጽ ልኬ የመጣው መልስ ሁለት መስመር ነው። ባንኩን ያ የስልክ ንግግር ተቀድቶ እንደሆነ ጠየቅኩ። «ሠራተኞቻችን አጠቃላይ መረጃ ብቻ ነው የሚሰጡት፤ ሽፋኑን የሚወስነው የኢንሹራንስ ኩባንያው ነው» አሉኝ። የማታውቀውን ነገር ለምን «አዎ» አለችኝ? «አላውቅም፣ እነሱን ጠይቅ» ብትል ሌላ ኢንሹራንስ ገዝቼ እሄድ ነበር።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ በዚያው ጉዞ የልጄ ሻንጣ ዘግይቶ ነበር፤ እሱን ያለ ምንም ጭቅጭቅ ከፍለዋል። ከኤርፖርት ሳንወጣ የአየር መንገዱን የሻንጣ መጥፋት ሪፖርት አስሞልተን፣ የገዛናቸውን ልብሶች ደረሰኝ ይዘን ነበር። የካርድ ኢንሹራንስ የረባ ጥቅም የሚሰጠው እንዲህ ላለው ነገር ይመስለኛል። ለሻንጣ፣ ለበረራ መዘግየት፣ ጤነኛ ለሆነ ወጣት ደግሞ ለድንገተኛ ሕክምና።

ባንኮች «ጥያቄ ካለዎት ይደውሉልን» ይላሉ። እኔ አትደውሉ እላለሁ። ጻፉ። የምትጽፉትም ለባንኩ ሳይሆን ለኢንሹራንስ ኩባንያው ነው። የሕመማችሁን ስም፣ የመድኃኒቱን መጠንና መጨረሻ የተቀየረበትን ቀን ጥቀሱ። መልሱን አስቀምጡ። «ውሉን በሙሉ ያንብቡ» የሚለውንም ምክር አልከተልም፤ ያን ሁሉ ገጽ ከመጀመሪያው የጀመረ ሰው መሀል ላይ ይደክመዋል። በቀጥታ ወደ ትርጓሜዎቹ ሂዱ፤ ከዚያ ወደማይሸፈኑት ነገሮች። «ቀድሞ የነበረ ሕመም»፣ «የተረጋጋ»፣ «የቤተሰብ አባል» የሚሉትን በእስክሪብቶ አስምሩባቸው። የመጨረሻው በተለይ ልብ ይባል። እናታችሁ ታማ ጉዞ ብትሰርዙ፣ ሕመሟ ቀድሞ የነበረ ከሆነ ብዙ ውሎች አይከፍሉም። ሰነዱንም ቲኬቱን በገዛችሁበት ቀን አውርዱ፤ ውሉ በየጊዜው ይቀየራል።

በየቀኑ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ ለሕክምና በካርዱ አትተማመኑ። ስለ ጤናችሁ አንድ በአንድ የሚጠይቅ ኢንሹራንስ ለብቻው ግዙ። ጥያቄው ያሰለቻል፤ ግን ዋጋ ያለው እሱ ነው። ሁሉንም ከነገራችኋቸው በኋላ ተቀብለው ሲፈርሙ፣ «አልነገርከንም» የሚሉበት ቀዳዳ ይጠባል።

አሁን እንደዚያ ነው የማደርገው። ለሚቀጥለው ጉዞ ከገዛሁ በኋላ ሐኪሜ መጠኑን እንደገና አስተካከለው። የዚያኑ ዕለት ማታ ለኩባንያው ኢሜይል ጻፍኩ። በሦስተኛው ቀን ተጨማሪ ክፍያ ጠየቁኝ፤ ከፈልኩ። ሕመሙ በስሙ የተጻፈበት አዲስ ወረቀት ላኩልኝ፤ ከፓስፖርቴ ጋር አስቀምጬዋለሁ።