ሞተሩ በ9 ቀን ገባ፤ ጭሱ 5 ወር ፈጀብኝ

መኪናው የአባቴ ነው። ባለ ቤንዚን ላንድክሩዘር ፒካፕ፣ 3ኤፍ የሚባለው ሞተር ያለው፣ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ የተሠራ። ከደብረ ብርሃን ወደ ሞላሌና መሐል ሜዳ ድንች፣ ገብስ፣ በግ፣ አንዳንዴም ሙሽራ ሲያመላልስ ኖሯል። ሻንሲው ዛሬም ቀጥ እንዳለ ነው። ያስመረረኝ ሞተሩ ነበር። ጭነት ይዤ ዳገት ስወጣ በ1 ሊትር 4 ኪሎ ሜትር ቢሄድልኝ ነው። ሐምሌ 2014 ዓ.ም. የነዳጅ ድጎማው መነሳት ሲጀምር ሂሳቡን ወረቀት ላይ አስቀመጥኩት። ለቤንዚን የማወጣው የማገኘውን እየበላው ነበር።

ሽጠው ያሉኝ ብዙ ናቸው። አልሸጥም አልኩ፤ የአባት ነገር ነው። ደግሞስ ሸጬ ምን ልገዛ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን የማይቀመስ አድርጎታል። ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ ደግሞ በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ስለዚህ ያለኝን ማኖር ነበረብኝ። ሞተሩን ወደ ናፍታ ለመቀየር ወሰንኩ።

የመረጥኩት 1ኤችዜድ ነው። 4,164 ሲሲ፣ 6 ሲሊንደር። ቶዮታ በ1990 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሞተር ነው። ቱርቦ የለውም፣ ኮምፒውተር የለውም። አዲሶቹ የናፍታ ሞተሮች ጉልበታቸውም የጭሳቸው ንጽሕናም ከሱ ይበልጣል፤ ይህን አልክድም። ግን መንዝ ውስጥ መኪና ሲቆምብህ ኮምፒውተር ይዞ የሚመጣልህ ሰው የለም። 1ኤችዜድን የሚፈታ ሰው ግን መሐል ሜዳም ታገኛለህ።

ሞተሩን የገዛሁት አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ፣ ከአንድ ያገለገለ ዕቃ ሻጭ ነው። ከነካምቢዮው ገዛሁት። ይህ በጣም ጠቅሞኛል። የቤንዚኑ ሞተር ካምቢዮ ከናፍታው ጋር እንዲሁ አይገጥምም፤ መሀል ላይ የሚያገናኝ ዕቃ ማስቀረጽ ይጠይቃል። እዚያ የሚወጣው ብር ካምቢዮውን አብሮ ከመግዛት አይተናነስም። አንድ ትልቅ ስህተት የሠራሁት ግን እዚሁ ላይ ነው። ሻጩ፣ ሞተሩ በጉምሩክ ማለፉን የሚያሳየውን ወረቀት፣ «ዲክላራሲዮኑ ነገ ይደርስልሃል» ብሎኝ፣ አምኜው ሙሉ ብሩን ከፈልኩ። ያ ነገ 2 ወር ሆነ። ወደ ወረቀቱ በኋላ እመለሳለሁ።

ደብረ ብርሃን ላይ የሠሩልኝ መካኒክ ትልቅ ሰው ናቸው። ከአባቴም ጋር ይተዋወቁ ነበር። ሞተሩን አውርደን ስናበቃ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ በስንት ቀን ይገባል ይላሉ?»

«መግባቱስ ይገባል ልጄ» አሉኝ። «የገባውን የሚያቆም ፍሬን አለህ ወይ? እሱን ንገረኝ።»

ያኔ ያሉኝ አልገባኝም ነበር።

ሞተሩን የሚሸከሙት ሱፖርቶዎች አዲስ ቦታ ተበየዱ። የነዳጅ ማጠራቀሚያው፣ ሰርባቶዮው፣ ወርዶ ታጠበ፤ የናፍታ ፖምፓ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍታው ስለሆነ የቤንዚን ቅሪት ይጎዳዋል። ከፖምፓው የሚተርፈው ናፍታ ወደ ሰርባቶዮ የሚመለስበት ቱቦም ተዘረጋለት። በ9ኛው ቀን ሞተሩ ቦታውን ይዞ ተቀመጠ። ቁልፉን ሳዞረው ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ እንደ ደከመ ሰው አቃሰተና ዝም አለ።

ለካ የገዛሁት ሞተር የ24 ቮልት ነው። የኔ መኪና 12 ቮልት ነው። ሞተሪኖው፣ ዲናሞው፣ ናፍታውን የሚያሞቁት ካንዴላዎች፣ ሁሉም የ24 ናቸው። እዚያው ሻጩ ጋ ሆኜ የሞተሪኖውን ጽሑፍ ባነብ ኖሮ አውቀው ነበር። አላነበብኩም። ሌላ ሞተሪኖ፣ ሌላ ካንዴላ፣ ሌላ ዲናሞ ገዛሁ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ደብረ ብርሃን ላይ ያለ ማሞቂያ ካንዴላ የናፍታ ሞተር አስነሳለሁ ማለት ዘበት ነው።

ዲናሞው ደግሞ ሌላ ነገር አመጣ። ጋሼ ለቅሶ ሄደው ስለነበር የገጠመልኝ ሌላ ልጅ ነው። መኪናው ተነሳ፣ ደስ አለን። ከጋራዡ ወጥቼ ሜዳ ላይ ፍሬን ስይዝ ፔዳሉ ድንጋይ ሆነብኝ። በሁለት እግሬ ረግጬ ነው ያቆምኩት። የቤንዚን ሞተር በካርቡራተሩ በኩል አየር ሲስብ የሚፈጥረው የመምጠጥ ኃይል የፍሬኑን ሰርቮ፣ ማለትም የእግርህን ግፊት የሚያበረታውን ዕቃ፣ ያግዛል። የናፍታ ሞተር ይህ የለውም። ስለዚህ ቶዮታ ከዲናሞው ጀርባ አየር መጣጭ ፓምፕ ያስቀምጣል። እኔ የገዛሁት ዲናሞ ያ ፓምፕ የሌለው ነበር። ጋሼ የጠየቁኝ ይህንኑ ነው። ከጣርማበር እስከ ሸዋ ሮቢት ባለው ቁልቁለት፣ 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ትወርዳለህ። እዚያ ላይ ቢሆን የገጠመኝ ምን እንደሚመጣ አሁንም ሳስበው ሆዴ ይባባል። ይህን ሥራ የምታስቡ ሁሉ፣ እባካችሁ፣ ከሞተሩ በፊት ስለ ፍሬኑ ጠይቁ።

ዲናሞውን ቀየርኩ። ፍሬኑ ተመለሰ። ሥራው አለቀ ብዬ አሰብኩ።

ዳገት ላይ ግን መኪናው ሰነፈብኝ። አንድ ወዳጄ «ፖምፓው ላይ ናፍታ ክፈትለት፣ ይበራል» አለኝ። ብሎኑን ፈታ አደረግንለት። መጀመሪያ ጉልበት የጨመረ መሰለኝ። ከዚያ ግን ከኋላዬ የሚወጣው ጭስ እየጠቆረ መጣ። አንድ ቀን ጠዋት ጣርማበር ዋሻ ውስጥ በስፖኪዮ ወደ ኋላ አየሁ። በግድግዳው ጥግ ተማሪዎችና አህያ የሚነዱ አንዲት እናት ይሄዱ ነበር። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሲጭኑ አየኋቸው። ከዚያ በኋላ ምንም አልታየኝም። ዋሻው ጥቁር ሆነ። ጭሱ የኔ ነበር። ያን ቀን ሥራ አልሠራሁም፤ ተመለስኩ።

በሳምንቱ ለቦሎ ምርመራ ሄድኩ። ነዳጅ እስከ ጥግ አስረገጡኝ፣ የጭስ መለኪያው ማርሚታው ውስጥ ገባ። ወደቅኩ። መርማሪው ትሁት ሰው ነበር፤ «ወንድሜ፣ ይህ ሞተር ታሞ አይደለም፣ ከልክ በላይ በልቶ ነው» አለኝ። ትክክል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። እዚህ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር በዚያው ልክ ሳሳ ያለ ነው። ፖምፓው ግን ይህን አያውቅም፤ ለዝቅተኛ ቦታ የተለካውን ናፍታ ሳያጓድል ይሰጣል። አየር ያጣው ናፍታ በደንብ አይነድም፤ ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። በዚያ ላይ እኛ ናፍታ ጨመርንለት። የጨመርነው ናፍታ ጉልበት ሳይሆን ጥላሸትና ሙቀት ሆነ። የሙቀት መለኪያው ዳገት ላይ ከፍ ከፍ ይል የነበረውም ለዚህ ነው። ትንሽ ብቆይ ፒስቶኑን ማቃጠሌ አይቀርም ነበር።

ጥቁር ጭስ አየር ማነሱን ወይም ናፍታ መብዛቱን ይነግርሃል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየነደደ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ያልነደደ ናፍታ ወይም ወደ ውስጥ የገባ ውኃ ነው።

የናፍታ ፖምፓ የሚሠራ ባለሙያ ጋ ሄድኩ። ፖምፓው ወርዶ በማሽን ተለካ። ኖዝሎቹ ሲፈተሹ 2ቱ ናፍታውን እንደ ጉም በመርጨት ፈንታ ያንጠባጥባሉ። ተቀየሩ። የቫልቭ ክፍተት ተስተካከለ። የአየር ፍልትሮውን አዲስ አደረግኩት፤ የድሮው በመንዝ አቧራ ታፍኖ ነበር። ከዚያ የናፍታው መጠን ከመጀመሪያውም ዝቅ ተደረገ፣ ለከፍታው እንዲሆን። ለከፍታ ራሱን የሚያስተካክል ዕቃ ያለባቸው ፖምፓዎች አሉ፤ የኔው የለውም። ስለዚህ ሸዋ ሮቢት ስወርድ ሞተሩ ሊሰጠኝ ከሚችለው ጉልበት ትንሽ እንደሚቀር አውቃለሁ። ይቅር። አብዛኛው ሥራዬ ከላይ ነው። ደግሞ የሚገርመው፣ ናፍታው ተቀንሶ ጣርማበርን ሲወጣ ከበፊቱ አልሰነፈም። ዛሬ ከነጭነቱ በ1 ሊትር ወደ 8 ኪሎ ሜትር ይሄድልኛል።

ለምን እንዲህ ስለ ጭስ እንደምጨነቅ የሚጠይቁኝ አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2012 እ.ኤ.አ. የናፍታ ጭስ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ አረጋግጦ መድቦታል። እኛ አገርም የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ካለ ዓመታት ተቆጥረዋል። ካሊፎርኒያ የሚኖር ወንድሜ እንደነገረኝ፣ እዚያ የምታስገባው ሞተር ዓመቱ ከመኪናው ዓመት ጋር እኩል ወይም አዲስ መሆን አለበት፤ ጭስ የሚቀንሱት ዕቃዎቹም አብረውት መግባት አለባቸው። ፍትሐዊ ሕግ ነው። ከመኪናህ የባሰ የሚያጨስ ሞተር አታስገባ ማለት ነው። እኔም ሳላውቀው ይህን አሟልቻለሁ፤ ግን የሞተር ዓመት ብቻውን ጭስ እንደማይከለክል በራሴ መኪና አይቻለሁ።

አሁን ወረቀቱ። ሊብሬ ላይ የሻንሲ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥርና የነዳጅ ዓይነት ተጽፏል። ሞተሩን ወደ ናፍታ ስትቀይር የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ይቀየራሉ። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ቀልድ አይደለም፤ ያልተመዘገበ ሞተር ይዞ መንገድ ላይ መያዝ ራሱን የቻለ መከራ ነው። እኔ የተጠየቅኩት የሽያጭ ውል፣ የሞተሩ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን፣ የድሮው ሊብሬና የመኪናው መቅረብ ነበር። ዲክላራሲዮኑ እስኪመጣ 2 ወር መኪናዬ ግቢ ቆመ። ሲመጣ ደግሞ አንድ ቁጥር ብሎኩ ላይ ከተቀረጸው ጋር አልገጥም አለ። ስናጸዳው ለካ ዝገት የ3 ቁጥርን 8 አስመስሎት ነው። ሞተር ልትገዙ ስትሄዱ የብረት ብሩሽና ባትሪ መብራት ያዙ። ቁጥሩን አጽዱ፣ ፎቶ አንሱ፣ ከወረቀቱ ጋር ቁጥር በቁጥር አመሳክሩ። ከዚያ በኋላ ክፈሉ።

ወደ ምርመራው ስመለስ ያው መርማሪ ነበር። ነዳጅ 3 ጊዜ አስረገጠኝ። ማርሚታውን በነጭ ሶፍት ጠረገና አሳየኝ፤ ግራጫ ነው። አለፍኩ። ከጥቂት ቀናት በኋላ «ናፍታ» የሚል የተጻፈበትን ሊብሬ ተቀበልኩ።

አሁን የቀረኝ ቼንጋውን በጊዜው መቀየር ነው። 1ኤችዜድ ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው በጎማ ቼንጋ ነው፤ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት። ከተበጠሰ ሞተሩ አብሮ ይሄዳል። የገዛሁት ሞተር ስንት እንደ ሄደ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ገና ሲገባ አስቀይሬዋለሁ። የተቀየረበትን ኪሎ ሜትር ኮፈኑ ውስጥ በቀለም ጽፌዋለሁ፣ ጋሼም ሆኑ ሌላ የሚከፍተው ሰው እንዲያየው።